ጥያቄ ያለው አባል፤ የዘርፍ ቡድኖች ታሪክ በሙያ ማኅበራት ውስጥ

አንድ የሙያ ማኅበር ሲመሠረት ብዙ ነገር በአንድ ቀን ይገኛል። መተዳደሪያ ደንቡ ይጸድቃል፤ ሥራ አስፈጻሚው ይመረጣል፤ ማኅተሙ ይቀረጻል፤ የአባላት መዝገብም ይከፈታል። አባላቱ ግን በአንድ ቀን አይገኙም። ስማቸው በመዝገብ የሰፈረ፣ መዋጯቸውንም በየዓመቱ የሚከፍሉ፣ ነገር ግን ከጠቅላላ ጉባኤ ቀን በቀር የማይታዩ ሰዎች በየማኅበሩ ሞልተዋል። የሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴዎች ይህን ሁኔታ ብዙ ጊዜ የአባላት ስንፍና አድርገው ይቆጥሩታል። የማኅበራት ታሪክ ሲመረመር ግን የሚታየው ሌላ ነገር ነው። አባል ከማኅበሩ የሚርቀው አብዛኛውን ጊዜ ሙያውን ስለ ጠላ ሳይሆን፣ በዕለት ሥራው የገጠመውን ጥያቄ ይዞ ሲመጣ የሚያዋየው የሙያ ባልደረባ ስለሚያጣ ነው።

በኢትዮጵያ የጽዋ ማኅበር ልማድ ይህ ነገር ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። የማኅበርተኞቹ ቁጥር በአንድ ቤት ተሰብስበው፣ ፊት ለፊት ተያይተው ለመጨዋወት የሚችሉትን ያህል ነው። የቀረ ሰው ቢኖር ወዲያው ይታወቃል፤ ለምን እንደ ቀረም ይጠየቃል። አባላቱ በሺህ በሚቆጠሩበት የሙያ ማኅበር ግን የቀረውን የሚያውቅ የለም። እንግዲህ ትልቅ ማኅበር ትልቅነቱን ሳያጣ የትንሹን ማኅበር ቅርበት ከየት ያመጣል? ይህ ጥያቄ በልዩ ልዩ አገሮች ከመቶ ዓመት በላይ ሲነሣ የቆየ ሲሆን፣ መልሱም በአንድ ዓይነት ጉዳይ የሚሠሩ አባላትን የሚያሰባስብ የዘርፍ ቡድን ሆኖ ተገኝቷል። ቡድኑ በመጀመሪያ በአዳራሽ፣ ኋላም በኤሌክትሮኒክ መረብ ላይ የተሰበሰበ ቢሆንም፣ ያስነሣው ክርክር በሁለቱም ዘመን አንድ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስሙ የአገር፣ ጉባኤው የአንድ ከተማ

ለዚህ ነገር ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው የአሜሪካ ኬሚካል ሶሳይቲ ታሪክ ነው። በኦገስት 1874 የኦክስጅን መገኘት 100ኛ ዓመት ሲታሰብ፣ የአሜሪካ ኬሚስቶች ጆሴፍ ፕሪስትሊ በመጨረሻ ዘመኑ በኖረባት በኖርዘምበርላንድ፣ ፔንሲልቫኒያ ተሰበሰቡ። በዚያም አገር አቀፍ የኬሚስቶች ማኅበር ይቋቋም የሚል ሐሳብ ቀረበ። ሐሳቡ ግን ተቃውሞ ስለ ገጠመው፣ አዲስ ማኅበር ከማቋቋም ይልቅ በነባሩ የአሜሪካ የሳይንስ ማስፋፊያ ማኅበር ውስጥ የኬሚስትሪ ንዑስ ክፍል እንዲከፈት መጠየቁ ተመረጠ።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ኤፕሪል 6 ቀን 1876፣ 35 ኬሚስቶች በኒው ዮርክ ከተማ የፋርማሲ ኮሌጅ ተሰብስበው የአሜሪካ ኬሚካል ሶሳይቲን መሠረቱ፤ ጆን ዊልያም ድሬፐርንም የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት አድርገው መረጡ። ይሁንና ማኅበሩ ስሙ የአገር፣ ጉባኤው ግን የአንድ ከተማ ሆነ። ስብሰባው በኒው ዮርክ ይደረጋል፤ ውሳኔውም በዚያው ያልቃል። በሌላ ከተማ የሚሠራ ኬሚስት መዋጮውን ከመላክና መጽሔቱን ከመቀበል በቀር ይህ ነው የሚባል ድርሻ አልነበረውም። ከዚህም የተነሣ በ1884 በዋሽንግተን የሚገኙ ኬሚስቶች የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ። በእነ ፍራንክ ክላርክና ሃርቪ ዋይሊ ዙሪያ የተሰበሰቡት ባለሙያዎች በ1880ዎቹ መጨረሻ እውነተኛ አገር አቀፍ ማኅበር እንዲመሠረት መወትወት ጀመሩ። ይህ ቢሆን ኖሮ የኒው ዮርኩ ማኅበር የአንድ ከተማ ክበብ ሆኖ በቀረ ነበር።

ማኅበሩን ያተረፈው ደንቡን ማላላቱ ነው። በኦገስት 1890 ለመጀመሪያ ጊዜ ከኒው ዮርክ ውጭ፣ በኒውፖርት፣ ሮድ አይላንድ፣ ጠቅላላ ስብሰባ ተደረገ። የአካባቢ ቅርንጫፎች እንዲቋቋሙም ተፈቀደ፤ በ1891 የመጀመሪያው ቅርንጫፍ በዚያው በሮድ አይላንድ ተከፈተ። ቅርንጫፉ የራሱን ኃላፊዎች ይመርጣል፤ የራሱን ስብሰባ ይጠራል፤ አባሉ ግን የአንዱ ማኅበር አባል ነው። በ1893 የዋሽንግተኑ ማኅበር ከነአባላቱ ቅርንጫፍ ሆኖ ገባ። በዚያው ዓመት ማኅበሩን ፕሬዚዳንት ሆኖ መምራት የጀመረው ከነቀፋው መሪዎች አንዱ የነበረው ሃርቪ ዋይሊ ነው። ይህ ሰው ኋላ በ1906 ለወጣው የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ንጽሕና ሕግ ባደረገው ትግል ስሙ የታወቀ ነው። ቦታ ቢነፈገው ኖሮ የተፎካካሪው ማኅበር መሪ ይሆን የነበረ ሰው፣ ቦታ ስለ ተሰጠው የቤቱ መሪ ሆነ።

ሁለተኛው ፈተና

የርቀቱ ችግር እንዲህ ቢቃለልም፣ ከ10 ዓመት በኋላ ሌላ ዓይነት ርቀት መጣ። በአንድ ከተማ፣ በአንድ አዳራሽ የተቀመጡ ኬሚስቶች መግባባት እያቃታቸው ሄዱ። ሙያው ሰፍቶ ነበር። የማዳበሪያ ፋብሪካ ባለሙያ ስለ አሞኒያ ሊጠይቅ ሲመጣ ስለ አቶሞች ክብደት ይነገረዋል፤ የሰውነትን ኬሚስትሪ የሚመረምረውም ስለ ብረት ማቅለጫ ሲወራ ቁጭ ብሎ ያዳምጣል። ስለዚህ በ1902 የኤሌክትሮኬሚስትሪ ባለሙያዎች የራሳቸውን ማኅበር መሠረቱ። በ1906 ባዮኬሚስቶቹ ተከተሏቸው። በ1908 ደግሞ የኬሚካል መሐንዲሶች በፊላደልፊያ ተሰብስበው የራሳቸውን ተቋም አቋቋሙ።

በማኅበሩ ውስጥ ሁለት አሳቦች ተፋጠጡ። አንደኛው፣ አባላት በየዘርፋቸው እንዲደራጁ መፍቀድ ማኅበሩን በገዛ እጅ መቆራረስ ነው የሚል ነበር። ሁለተኛው፣ አባሉ በዘርፉ መሰባሰቡ የማይቀር ስለሆነ፣ የሚቀረው ጥያቄ በቤት ውስጥ ይሰብሰብ ወይስ ከቤት ውጭ የሚለው ብቻ ነው ይል ነበር። በ1907ና በ1908 ፕሬዚዳንት የነበረው ማርስተን ቦገርት ወደ ሁለተኛው አሳብ አዘነበለ። በ1908 የኢንዱስትሪ ኬሚስቶችና የኬሚካል መሐንዲሶች ክፍል ተቋቋመ፤ ሌሎችም የሙያ ክፍሎች ተከተሉት። በ1909 የኢንዱስትሪውን ባለሙያ የሚያገለግል ልዩ መጽሔት መታተም ጀመረ።

መድኃኒቱ ሁሉንም አልፈወሰም። ተለይተው የወጡት ሦስቱ ማኅበራት አልተመለሱም፤ እስከ ዛሬም በየራሳቸው ይኖራሉ። ይሁን እንጂ ማኅበሩ ይበታተናል የተባለው ሥጋት አልደረሰም። ዛሬ የአሜሪካ ኬሚካል ሶሳይቲ ከ30 በላይ የሙያ ክፍሎች ያሉትና በዓለም ላይ ካሉት ታላላቅ የሳይንስ ማኅበራት የሚቆጠር ነው። በ1948 የተቋቋመውና በ1975 የኬሚካል መረጃ ክፍል የሚለውን ስም የያዘው ክፍል፣ ከላቦራቶሪ ይልቅ በቤተ መጻሕፍትና በመረጃ ክምችት የሚሠሩትን ሳይቀር መሰብሰቢያ ሰጥቷቸዋል። የ1908ቱ ክርክር ያስገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ቡድን የሚገነጠለው ስለ ተፈቀደለት ሳይሆን፣ ጠይቆ በጊዜው ሳይፈቀድለት ሲቀር ነው።

ርቀትን የሻረው ደብዳቤ

የሙያ ክፍሎች የጊዜን ችግር አላቃለሉም። ክፍሉ የሚሰበሰበው በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ነው፤ የሥራ ጥያቄ ግን የጉባኤን ቀን አይጠብቅም። በጥር የተነሣ ችግር እስከ መስከረም ቢቆይ ወይ ሥራው ተበላሽቷል፣ ወይም ሰውየው እንደ መሰለው አድርጎታል። ይህን ክፍተት የሞላው የኤሌክትሮኒክ መልእክት ነው።

በ1971 ሬይ ቶምሊንሰን አርፓኔት በሚባለው መረብ ላይ ከኮምፒዩተር ወደ ኮምፒዩተር መልእክት ላከ። መልእክቱ በመጀመሪያ ከአንድ ሰው ወደ አንድ ሰው የሚሄድ ነበር። በጁን 1975 ግን ሜሴጅ ግሩፕ የሚባል የውይይት ቡድን ተቋቋመ። አባላቱ የኢሜይልን አሠራር የሚያጠኑ ባለሙያዎች ሲሆኑ፣ የሚወያዩበትም ጉዳይ ይኸው ኢሜይል ነበር። አንዱ የጻፈው ለሁሉም ይደርሳል፤ ሁሉም ይመልሳል። ዝርዝሩን የሚይዘው አይናር ስቴፈሩድ አዲስ የመጣውን ስም በእጁ ይመዘግብ፣ መልእክቱንም ያሠራጭ ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያው ቡድን ሲጀመር ጀምሮ አንድ ተንከባካቢ ሰው እንደ ነበረው ልብ ማለት ይገባል።

በ1981 የኒው ዮርክ ከተማ ዩኒቨርሲቲንና የዬል ዩኒቨርሲቲን በማገናኘት የተጀመረው ቢትኔት የተባለው መረብ፣ ይህን ዕድል ከኮምፒዩተር ባለሙያዎች አልፎ ለሌሎች ምሁራንም አዳረሰ። ስም መመዝገቡና መሠረዙ ግን አሁንም የሰው እጅ የሚጠይቅ አድካሚ ሥራ ነበር። በ1986 በፓሪስ ተማሪ የነበረው ኤሪክ ቶማስ ይህን ሥራ ኮምፒዩተሩ ራሱ እንዲያከናውነው የሚያደርግ ሊስትሰርቭ የተባለ ፕሮግራም ጻፈ። ከዚያ ወዲያ ቡድን ማቋቋም የማንንም ፈቃድና በጀት የማይጠይቅ ነገር ሆነ።

ውጤቱም ወዲያው ታየ። በሜይ 1987 ዊላርድ ማካርቲ በቶሮንቶ ሆኖ ሂውማኒስት የተባለውን ቡድን ጀመረ። በዚያ የተሰበሰቡት ቋንቋንና ሥነ ጽሑፍን በኮምፒዩተር ለማጥናት የሚሠሩ ሰዎች ነበሩ። እነዚህ ሰዎች በየዩኒቨርሲቲው አንድ ሁለት ሆነው የሚሠሩ፣ ብዙዎቹም ሥራቸው እንደ ሙያ ያልተቆጠረላቸው ስለ ነበሩ፣ ከመጀመሪያዎቹ የመወያያ ጉዳዮቻቸው አንዱ ይኸው የሥራቸው ደረጃ ነበር። በቦታቸው ብቸኛ የነበሩት በመረቡ ላይ ብዙ ሆነው ተገኙ። ቡድኑ ከዘርፉ ማኅበራት ጋር ተሳስሮ ከ35 ዓመት በላይ ኖሯል።

ኬሚስቶችም አልዘገዩም። በ1991 በኦሃዮ የስሌት ኬሚስትሪ ቡድን ተጀመረ። በዚያው ዓመት በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ጋሪ ዊጊንስ ስለ ኬሚካል መረጃ የሚወያይ ቡድን አቋቋመ። ለዚህ ጉዳይ በአሜሪካ ኬሚካል ሶሳይቲ ውስጥ የተቋቋመ ክፍል እንዳለ ከላይ ተጠቅሷል፤ አዲሱ ቡድን ግን የተወለደው በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ሳይሆን በዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው። የ1908ቱ ጥያቄ በአዲስ መልክ ተመልሶ መጣ ማለት ነው። አባላት መሰብሰቢያቸውን ራሳቸው ሠርተዋል፤ ማኅበር ሊወስን የሚችለው ከእነሱ ጋር መሆኑን ወይም አለመሆኑን ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ቅሬታ መታየት አለበት። በእንደዚህ ያሉ ቡድኖች የሚጽፉት ጥቂቶች ሲሆኑ የሚበዙት አንባቢዎች ናቸው። ብዙ ኃላፊዎች ይህን አይተው ቡድኑ አልሠራም ይላሉ። ነገር ግን በጉባኤ አዳራሽም የሚናገሩት ጥቂቶች ናቸው። በኋላ ረድፍ ተቀምጦ የሚያዳምጥ ወጣት ባለሙያ የቀረ አባል አይባልም። ጥያቄው ሌላ ሰው በጠየቀው ውስጥ ስለ ተመለሰለት ዝም ያለ አባል ከማኅበሩ ጥቅም አግኝቷል፤ ሌላ ቀን ደግሞ መላሹ እሱ ሊሆን ይችላል።

አንድ ጥያቄ ያስገኘው ጥቅም

የዘርፍ ቡድን ምን ያህል ሊጠቅም እንደሚችል፣ ሲጎዳም ምን ያህል እንደሚያሳስብ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳየው የተላላፊ በሽታዎች ባለሙያዎች ቡድን የሆነው የፕሮሜድ ታሪክ ነው። ፕሮሜድ በ1994 ሲጀመር 40 አባላት ብቻ ነበሩት፤ እነሱም በ7 አገሮች የሚገኙ ነበሩ። ከጀማሪዎቹ መካከል ስቲቨን ሞርስ፣ ባርባራ ሃች ሮዘንበርግና ጃክ ውድዎል ይገኛሉ። አሠራሩ ቀላል ነው። በአካባቢው እንግዳ በሽታ ያየ ሐኪም ይጽፋል፤ በየዘርፉ ዕውቀት ያላቸው አወያዮች ጽሑፉን መርምረው አስተያየታቸውን በማከል ያሠራጩታል፤ የሚያውቅ ይመልሳል። በ1999 ቡድኑ በዓለም አቀፉ የተላላፊ በሽታዎች ማኅበር ሥር ሆነ።

ፌብሩዋሪ 10 ቀን 2003 ስቲቨን ካኒየን የተባለ ጡረታ የወጣ ሐኪም ከአንድ ወዳጁ የሰማውን ይዞ በደቡብ ቻይና ጓንጁ ከተማ ስለሚወራ በሽታ የሚያውቅ አለ ወይ ብሎ በዚህ ቡድን ጠየቀ። በማግስቱ የቻይና ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር 305 ሰዎች መታመማቸውንና 5 መሞታቸውን ለዓለም ጤና ድርጅት አስታወቀ። ይህ ኋላ ሳርስ የተባለው በሽታ ነው። በሴፕቴምበር 2012 ደግሞ በጅዳ ይሠሩ የነበሩት ግብጻዊው የቫይረስ ተመራማሪ አሊ ሞሐመድ ዛኪ፣ ከአንድ በሽተኛ ያገኙትን ያልታወቀ የኮሮና ቫይረስ በዚሁ ቡድን ገለጹ። በለንደን ከኳታር የመጣ አንድ በሽተኛ ያክሙ የነበሩ ባለሙያዎች ይህን አንብበው የያዙት በሽታ ያው ሊሆን እንደሚችል ጠረጠሩ፤ ምርመራውም ጥርጣሬያቸውን አረጋገጠ። በዲሴምበር 30 ቀን 2019 ፕሮሜድ በውሃን ስለ ታየው ምንነቱ ያልታወቀ የሳንባ ምች መረጃ እንዲሰጠው ለአባላቱ ጥያቄ አሠራጨ።

ከእነዚህ ሁሉ በስተጀርባ የነበሩት አወያዮች ናቸው። በጁላይ 2023 ባለቤቱ ማኅበር የገንዘብ እጥረት እንደ ገጠመው ገልጾ ከተጠቃሚዎች የደንበኝነት ክፍያ ለመጠየቅ ማሰቡን አስታወቀ። በኦገስት መጀመሪያ ከ20 በላይ የሆኑ አወያዮች በፈረሙት ደብዳቤ ሥራቸውን ለጊዜው ማቆማቸውን ገለጹ፤ ካነሡት ቅሬታ አንዱ የሚገባቸው ክፍያ መዘግየቱ ነበር። አገልግሎቱ ባይጠፋም፣ ዓለም ሲገለገልበት የኖረው ነገር በጥቂት ሰዎች ትከሻ ላይ የቆመ መሆኑ ታወቀ። ኤሪክ ቶማስ የጻፈው ፕሮግራም ስም መመዝገብን ከሰው እጅ አውጥቷል፤ መልእክትን አንብቦ እውነቱን ከወሬ መለየት ግን እስከ ዛሬ የሰው ሥራ ነው።

በኢትዮጵያ ያለው መንገድ

በኢትዮጵያ የሙያ ማኅበራት ታሪክ ውስጥም ተመሳሳይ መንገድ ይታያል። የኢትዮጵያ ሕክምና መጽሔት በ1962 መታተም ሲጀምር ሐኪሞች ሁሉ የሚገናኙበት ገጽ ተገኘ። ሙያው እየሰፋ ሲሄድ በየዘርፉ የሚቋቋሙ ማኅበራት መጡ፤ ለምሳሌ የማሕፀንና የጽንስ ሐኪሞች በ1992 የራሳቸውን ማኅበር መሠረቱ።

የመረቡ ዘመን የመጣው ቀስ ብሎ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር የነበረው ፓዲስ የተባለ ተቋም፣ መልእክቶችን እየሰበሰበ በተወሰነ ሰዓት በስልክ መስመር ወደ ውጭ የሚልክ የኢሜይል አገልግሎት ይሰጥ ነበር። አገሪቱ ከኢንተርኔት ጋር በቀጥታ የተገናኘችው በ1997 ነው። ሌላው እንቅፋት ፊደል ነበር። የግዕዝ ፊደል በ1999 በወጣው በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ እስኪካተት ድረስ፣ እያንዳንዱ የአማርኛ ፕሮግራም ፊደሉን በራሱ ስልት ይመዘግብ ስለ ነበር፣ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ላይ ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆን ነበር። በገዛ ቋንቋ በመረብ ላይ መወያየት የተቻለው ይህ መሰናክል ቀስ በቀስ ከተነሣ በኋላ ነው።

ዛሬ መሣሪያው በየኪሱ አለ። በቴሌግራም የሚሰበሰቡ የሐኪሞች፣ የመሐንዲሶች፣ የመምህራንና የሒሳብ ባለሙያዎች ቡድኖች ብዙ ናቸው። በወረዳ ጤና ጣቢያ ያለ ባለሙያ አዲስ አበባ ካለ ስፔሻሊስት ጋር በአንድ ቡድን ሊገኝ ይችላል፤ በውጭ አገር የሚኖረውም ወገኑ እንዲሁ። ይህ በኒው ዮርክና በዋሽንግተን መካከል የነበረውን ዓይነት ርቀት የሚሽር ነገር ነው። ይሁን እንጂ አወያይ የሌለው ቡድን ብዙ ሳይቆይ የሰላምታ፣ የማስታወቂያና የወሬ ማከማቻ ይሆናል፤ ከባድ ጥያቄ ተጠይቆ መልስ ሳያገኝ ወደ ላይ ይሸሻል፤ በሚቀጥለው ወር ያው ጥያቄ እንደ አዲስ ይነሣል። መልስ ያላገኘ አባል ሁለተኛ አይጠይቅም።

ከታሪኩ የሚቀረው

ከ1874 ጀምሮ ከታየው ሁሉ ሦስት ነገር ይቀራል። አንደኛው፣ አባላት በዘርፋቸው መሰባሰባቸው የማይቀር መሆኑ ነው፤ ማኅበር ቢፈቅድ በውስጡ፣ ባይፈቅድ በውጭው ይሰበሰባሉ። ሁለተኛው፣ ቡድኑ በራሱ ጉዳይ ላይ ሥልጣን ሲሰጠው እንጂ ከጽሕፈት ቤት በሚላክ ትእዛዝ የማይኖር መሆኑ ነው። ሦስተኛው፣ ቡድን ሁሉ ተንከባካቢ የሚሻ መሆኑ ነው፤ ስቴፈሩድ ስም ሲመዘግብ፣ ማካርቲ ውይይት ሲመራ፣ የፕሮሜድ አወያዮች የበሽታ ወሬ ሲያጣሩ የሠሩት ሥራ አንድ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ብዙ ማኅበራት ተምረዋቸዋል፤ ሦስተኛው ግን ገና በደንብ አልተጤነም። በየዓመቱ የማኅበራት በጀት ሲጸድቅ ለአዳራሽ ኪራይ፣ ለመጽሔት ኅትመትና ለጉባኤ መስተንግዶ ገንዘብ ይመደባል። ጥያቄ ሲመጣ የሚያነበው፣ ለሚያውቀው ሰው የሚያደርሰው፣ መልሱን ለነገ የሚያስቀምጠው፣ ዝም ያለውንም አባል ስሙን ጠርቶ የሚጠይቀው ሰው ግን ከበጀቱ መስመሮች በአንዱም ላይ አይገኝም። ማኅበሩ አባላቱን የት እንዳጣቸው መፈለግ የሚገባው መጀመሪያ በዚህ ባዶ መስመር ላይ ነው።